ዋጋ ሳይነካ ልክ ሲጎድል፦ ስለ እንግሊዞች የበዓል ቸኮላታ

የአንድ ዕቃ ዋጋ ከ10 ብር ወደ 12 ብር ከፍ ያለ እንደ ሆነ ገበያተኛው ሁሉ ይጮኻል፤ ነጋዴውን ይወቅሳል፤ ቤቱ ገብቶም ለጎረቤቱ ያወራል። ዋጋው በ10 ብር ጸንቶ የዕቃው ልክ ከ120 ግራም ወደ 100 ግራም ዝቅ ያለ እንደ ሆነ ግን ብዙው ሰው እንደ ወትሮው ከፍሎ፣ እንደ ወትሮው አመስግኖ ይሄዳል። በሒሳብ ረገድ ሁለቱ ነገሮች አንድ ናቸው፤ በሁለቱም መንገድ ገዢው ለአንድ ግራም የሚከፍለው ከመቶ 20 እጅ ጨምሮበታል። ልዩነቱ አንደኛው የሚያስጮኽ፣ ሁለተኛው ግን ዝም የሚያሰኝ መሆኑ ነው። እንግሊዞች ለዚህ ለሁለተኛው አሠራር «ሽሪንክፍሌሽን» የሚል ቃል አውጥተውለታል፤ መኮማተርንና የዋጋ መወደድን አንድ ላይ የሰፋ ቃል ነው።

ይህን ነገር ለመመርመር የመረጥነው ምሳሌ እንግሊዞች ለልደትና ለፋሲካ የሚገዙት ቸኮላታ ነው። «ዳቦ የቸገረው ተማሪ ስለ ቸኮላታ ምን አገባው?» የሚል ጓደኛ አይጠፋም። የሠፈራችን ዳቦ ዋጋው ሳይነካ ሲያንስ ሁላችንም በዓይናችን አይተናል፤ ዳቦው ግን ግራሙ በላዩ ተጽፎበት አይሸጥም። የእንግሊዞቹ ቸኮላታ ክብደቱ በሕግ ግዴታ በማሸጊያው ላይ ስለሚታተም፣ ጋዜጦቻቸውም ልደት በተቃረበ ቍጥር የዘንድሮውን ከአምናው ጋር ስለሚያወዳድሩ፣ ነገሩን በቍጥር ተከታትሎ ለመማር ይመቻል። ደግሞም የቸኮላታው ሥር የሆነው ካካዎ በብዛት የሚበቅለው በዚሁ በአፍሪካ ስለ ሆነ ጉዳዩ ከእኛ ብዙ የራቀ አይደለም። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ለልደት ከሚሸጡት ጣፋጮች ሁሉ ስመ ጥሩው «ኳሊቲ ስትሪት» የሚባለው ነው። ታሪኩ የሚጀምረው በሰሜን እንግሊዝ በምትገኘው በሃሊፋክስ ከተማ ነው። በ1890 ጆን ማኪንቶሽና ሚስቱ ቫዮሌት በዚያች ከተማ አንድ የጣፋጭ ሱቅ ከፈቱ፤ ቫዮሌትም ጠንካራውን የእንግሊዝ ከረሜላና ለስላሳውን የአሜሪካ ካራሜል አዋሕዳ አዲስ ዓይነት ከረሜላ ሠራች። ልጃቸው ሃሮልድ በ1936 ኳሊቲ ስትሪትን ሲያወጣ ዓለም ከታላቁ የኤኮኖሚ ድቀት ገና በደንብ አላገገመም ነበር፤ በሳጥን ተደርድሮ የሚሸጥ ቸኮላታም የሀብታም ሰው ዕቃ ነበር። ሃሮልድ ልዩ ልዩ ዓይነት ከረሜላና ቸኮላታ እያንዳንዱን በየቀለሙ በመኪና አስጠቅልሎ፣ ሁሉንም በአንድ የቆርቆሮ ጣሳ ከቶ፣ ሠራተኛ ቤተ ሰብ ሊገዛው በሚችል ዋጋ አቀረበው። ስሙን የወሰደው ከጄምስ ባሪ ተውኔት ሲሆን፣ በጣሳውም ላይ የጥንት ልብስ የለበሱ አንድ ወታደርና አንዲት ወይዘሮ ተሥለውበት ነበር።

እንግዲህ ከመጀመሪያው ጀምሮ የተሸጠው ከረሜላው ብቻ ሳይሆን ጣሳውም ጭምር ነው። ከረሜላው በሁለት ቀን ያልቃል፤ ጣሳው ግን መርፌና ክር፣ ቍልፍና ደብዳቤ እየተቀመጠበት ሃያ ዓመት በቤት ይኖራል። ኩባንያው በ1969 ራውንትሪ ከተባለው ኩባንያ ጋር ተዋሐደ፤ በ1988 ደግሞ ሁለቱም በስዊሱ ኔስሌ እጅ ገቡ። ይህ ሁሉ ሲሆን ስሙና ቀለሙ አልተለወጠም። በባሕረ ሰላጤው አገሮች እንዲያውም ሕዝቡ እስካሁን በመሥራቾቹ ስም «ማኪንቶሽ» እያለ ይጠራዋል፤ በዚያ ሠርተው የተመለሱ እኅቶቻችንም በዚሁ ስም ሳያውቁት አይቀሩም።

ስለ ልክ መጉደል ከመናገራችን በፊት እንግሊዞች አንድ ጊዜ ልኩ በግልጽ ጎድሎባቸው እንደ ነበረ ማስታወስ ያሻል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በሐምሌ 1942፣ መንግሥታቸው ከረሜላንና ቸኮላታን በራሽን አደረገ። ራሽኑ ከፍና ዝቅ ሲል ቈይቶ በአብዛኛው ጊዜ ለአንድ ሰው በሳምንት 3 አውንስ፣ ማለት 85 ግራም ያህል ነበረ። በሚያዝያ 1949 ራሽኑ ተነሣ፤ ነገር ግን ፈላጊው በዝቶ ሱቁ ሁሉ ባዶ ስለ ሆነ በነሐሴ ተመልሶ ተጣለ። ፈጽሞ የቀረው በየካቲት 1953 ነው። ያ ዘመን ክፉ ዘመን ነበር፤ እኛም አናወድሰውም። ሆኖም ልኩ ሲቀነስ በአዋጅ ተቀነሰ፤ ምክንያቱም ለሕዝብ ተነገረ፤ ሕፃኑም ሽማግሌውም ስንት እንደሚደርሰው ያውቅ ነበር። ከዚህ በታች የምንገልጸው መቀነስ ግን ያለ አዋጅ የሚደረግ ነው።

አሁን ወደ ቍጥሩ እንግባ። የቆርቆሮው ጣሳ ፈጽሞ ባይጠፋም በየትልልቁ መደብር ተከምሮ የሚሸጠው ዛሬ የፕላስቲክ ጣሳ ነው። የኳሊቲ ስትሪት የፕላስቲክ ጣሳ በ2021 650 ግራም ይይዝ ነበር፤ በ2023 600 ግራም ሆነ፤ በ2025 ደግሞ 550 ግራም ሆነ። በአራት ዓመት ውስጥ 100 ግራም ጎደለ ማለት ነው። የአንዱ ከረሜላ ክብደት 10 ግራም ስለማይሞላ፣ ከየጣሳው ከአሥር የማያንሱ ከረሜላዎች ወጥተዋል ለማለት ይቻላል። ልጆች ለበዙበት ቤት አሥር ከረሜላ ትንሽ ነገር አይደለም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት የሒሳብ ነጥብ አለ። ከ650 ግራም ላይ 100 ግራም ሲነሣ መጠኑ የቀነሰው ከመቶ 15.4 እጅ ነው። ዋጋው ባይለወጥ ግን የአንዱ ግራም ዋጋ የጨመረው ከመቶ 15.4 እጅ ሳይሆን ከመቶ 18.2 እጅ ነው። ለምሳሌ ያህል ጣሳው በሁለቱም ጊዜ 5 ፓውንድ ቢሸጥ፣ 100 ግራሙ መጀመሪያ በ77 ፔንስ ነበረ፤ ኋላ ግን በ91 ፔንስ ይሆናል። የጎደለው መጠን በበዛ ቍጥር ይህ ልዩነት ይሰፋል፤ ዕቃው በግማሽ ቢቀነስ ዋጋው በግማሽ ሳይሆን በእጥፍ ጨመረ ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ነጋዴ «ከመቶ 20 እጅ ብቻ ቀነስሁ» ቢል፣ ከመቶ 25 እጅ ጨምሯል ብለን ልንመልስለት ይገባል። በእርግጥ የጣሳውም ዋጋ በእነዚያ ዓመታት ባለበት የቆመ አይደለምና እውነተኛው ጭማሪ ከዚህም በላይ ነው።

ታዲያ ሰው ይህን ያህል ሲጎድልበት እንዴት አያይም? መልሱ በከፊል በጂኦሜትሪ ውስጥ አለ። አንድ ጣሳ ቅርጹን ሳይለውጥ በቁመትም በወርድም ከመቶ 5.4 እጅ ብቻ ቢያንስ፣ የሚይዘው መጠን ከመቶ 15 እጅ በላይ ይቀንሳል፤ ሦስቱም ልኮች በአንድነት ስለሚባዙ ነው። ቁመቱ 20 ሳንቲ ሜትር የነበረ ጣሳ 18.9 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ይህች ከጣት ውፍረት የማትበልጥ ልዩነት ናት። የአምናውን ጣሳ አጠገቡ አቁሞ ካልለካው በቀር ማንም ሰው ሊያያት አይችልም፤ የአምናው ጣሳ ደግሞ አንድም ተጥሏል፣ አንድም መርፌና ክር ተቀምጦበታል። ዕለት ዕለት የሚገዛ ዕቃ ቢሆን እጅ ራሱ ክብደቱን ባወቀው ነበር። የበዓል ጣፋጭ ግን በዓመት አንድ ጊዜ የሚገዛ ስለ ሆነ የእጅ ትውስታ ዓመት ሙሉ አይቆይም።

ነገሩን በሌላ በኩል የሚያሳየን የ«ቶብለሮን» ታሪክ ነው። ይህ እንደ ተራራ ሰንሰለት ጫፍ ጫፍ ያለው፣ በልደትም ሰሞን ለስጦታ የሚበዛ ቸኮላታ ነው። ባለቤቱ ሞንዴሌዝ የተባለው ኩባንያ በ2016 በእንግሊዝ አገር የሚሸጠውን የ400 ግራሙን ወደ 360 ግራም፣ የ170 ግራሙን ወደ 150 ግራም አወረደው። ይህንም ያደረገው የቸኮላታውን ርዝመት በማሳጠር ሳይሆን በተራሮቹ መካከል ያለውን ሸለቆ በማስፋት ነበር። ማሸጊያው ከውጭ ሲታይ ያው ነው፤ ሲከፈት ግን ጥርሱ የረገፈ ማበጠሪያ መሰለ። አገሩ ሁሉ ሣቀ፤ ተቈጣም፤ ጋዜጦች ብዙ ቀን ጻፉበት። እንግዲህ ተመልከቱ፤ ቶብለሮን የቀነሰው ከመቶ 10 እስከ 12 እጅ ሲሆን፣ ኳሊቲ ስትሪት በኋላ ከመቶ 15 እጅ በላይ ሲቀንስ እንዲህ ያለ ሣቅ አልተሰማም። ከዚህ የምንረዳው ሕዝቡን ያስቈጣው የጎደለው መጠን ሳይሆን ጉድለቱ መታየቱ እንደ ነበረ ነው። ይህንኑ ደግሞ የኩባንያ ሰዎች ከእኛ በፊት ሳይረዱት የቀሩ አይመስለንም።

የቀሩትን ምሳሌዎች ባጭሩ እናልፋለን። ካድበሪ ለፋሲካ የሚሸጠው «ክሬም ኤግ» የሚባለው የቸኮላታ እንቍላል ስድስት ስድስት እየሆነ በካርቶን ይሸጥ ነበር፤ በ2015 አምስት አምስት ሆነ። የካርቶኑ ዋጋ ከ3.05 ፓውንድ ወደ 2.85 ፓውንድ ስለ ወረደ ላይ ላዩን ሲታይ ቅናሽ ይመስላል፤ ብናካፍለው ግን የአንዱ እንቍላል ዋጋ ከ51 ፔንስ ወደ 57 ፔንስ ወጥቷል። በዚያው ዓመት የእንቍላሉ ቅርፊት የሚሠራበት ቸኮላታም ተለወጠ። የብርቱካን ቅርጽ ያለው የቴሪስ ቸኮላታ ደግሞ በ2016 ከ175 ግራም ወደ 157 ግራም፣ በ2025 ወደ 145 ግራም ወረደ። ክብ ነገር ስለ ሆነ ነገሩ ይበልጥ ዓይን ያታልላል።

የመጠቅለያው ለውጥ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፤ ከልክ መጉደል ጋር መደባለቁንም አንወድም። የኳሊቲ ስትሪት ከረሜላዎች ባለ ቀለም በሆነ ብርሃን አሳላፊ መጠቅለያ ይጠቀለሉ ነበር፤ እንግሊዛዊ ሕፃን ሁሉ ከረሜላውን ከበላ በኋላ መጠቅለያውን በዓይኑ ላይ ይዞ ዓለሙን በቀይና በሐምራዊ ያየበት ነው። በ2022 ኩባንያው የአብዛኞቹን መጠቅለያ በሰም በተቀባ ወረቀት ለወጠው፤ ምክንያቱም ወረቀቱ ከሌላ ወረቀት ጋር ተሰብስቦ እንደገና ሊሠራ ይችላል የሚል ነው። በ2024 ጣሳውንም በወረቀት ሠርቶ ለሙከራ አውጥቷል። የካድበሪው «ሮዝስ» ደግሞ በ2016 ሁለት ጫፉን ጠምዝዞ ከሚታሰረው መጠቅለያ ወደ ታሸገው ተለወጠ። ሕዝቡ በእነዚህ ለውጦች ብዙ አዝኗል፤ ብዙም ጽፏል። እኛ ግን የቀለሙ ማለፍ ቢያሳዝንም ምክንያቱ የሚያሳፍር ምክንያት አይደለም እንላለን፤ ቆሻሻ መቀነስ መልካም ነው። ቅር የሚለን ስለ መጠቅለያው ለውጥ ኩባንያው ራሱ በጋዜጣ ሲያስነግር፣ ስለ ግራሙ መለወጥ ግን ጋዜጠኛ ካልጠየቀው በቀር የማይናገር መሆኑ ነው።

ስለ ምክንያቱ ስንመጣ ኩባንያዎቹ ሐሰት ይናገራሉ ማለት አይገባም። በ2022 በኒው ዮርክ ገበያ አንድ ቶን ካካዎ 2,500 ዶላር ገደማ ነበረ፤ በታኅሣሥ 2024 ከ12,000 ዶላር አለፈ። ከዓለም ካካዎ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን የሚያመርቱት አይቮሪ ኮስትና ጋና ናቸው፤ በሁለቱም አገሮች ዝናቡ ተዛባ፤ የዛፍ በሽታ ገባ፤ ዛፎቹም አርጅተው ነበር። ቡና የሚያበቅል አገር ልጆች ስለ ሆንን ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ ሳንጠይቅ አናልፍም፤ ይህ ሁሉ ገንዘብ ለገበሬው ደረሰ ወይ? በሁለቱ አገሮች ለገበሬው የሚከፈለውን ዋጋ በመኸሩ መጀመሪያ የሚወስነው መንግሥት ነው፤ ከምርቱም ብዙው አስቀድሞ ይሸጣል። ስለዚህ የዓለም ዋጋ በ2024 ሰማይ ሲወጣ ገበሬው ያገኘው ከዚያ ጥቂቱን ነበር። የሎንዶን ሕፃን አሥር ከረሜላ ሲጎድልበት ያች አሥር ከረሜላ ወደ ጋና ገበሬ ቤት ሄደች ብሎ የሚጽናና ቢኖር፣ ነገሩ እንዲያ አይደለም።

ሌላም ምክንያት አለ፤ ይህም ከካካዎ ይልቅ ከሱቁ የሚመጣ ነው። ትልልቆቹ የእንግሊዝ መደብሮች ልደት ሲቃረብ የቸኮላታ ጣሳን ለገበያተኛ መሳቢያ ያደርጉታል፤ በርካሽ አውጥተው በሩ አጠገብ ይከምሩታል፤ ጣሳውን ብሎ የገባው ሰው የበዓሉን ሌላ ዕቃ ሁሉ እዚያው ይገዛል። በዚህ የተነሣ «የጣሳ ዋጋ ይህን ያህል ነው» የሚል ድፍን ቍጥር በሰው ልብ ተተክሏል። ያን ቍጥር ማለፍ የሚፈራ አምራች የሚነካው ነገር አንድ ብቻ ይቀርለታል፤ እርሱም ግራሙ ነው።

እንግዲህ ይህ ማታለል ነው ወይስ አይደለም? በሕግ ዓይን አይደለም። ክብደቱ በማሸጊያው ላይ ታትሟል፤ በእንግሊዝ አገር ሕግ መደብሩ የ100 ግራሙን ወይም የኪሎውን ዋጋ በመደርደሪያው ላይ እንዲጽፍ ግዴታ አለበት። ይህች ትንሽ ጽሕፈት ከጣሳው ሥዕል ሁሉ ይልቅ እውነቱን ትናገራለች፤ ሁለት ጣሳ የሚያወዳድር ሰው ሊመለከት የሚገባውም እርስዋን ነው። ነገር ግን የዛሬዎቹን ሁለት ጣሳዎች እርስ በርሳቸው ታወዳድራለች እንጂ የዘንድሮውን ከአምናው ጋር አታወዳድርም። ጉድለቱ ያለው ደግሞ በአምናና በዘንድሮ መካከል ነው። ስለዚህ እኛ የምንስማማው ፈረንሳዮች ባደረጉት ነው። ከሐምሌ 1 ቀን 2024 ጀምሮ በፈረንሳይ አገር ከ400 ካሬ ሜትር የሚበልጥ መደብር፣ የአንድ ዕቃ መጠን ተቀንሶ የግራሙ ዋጋ የጨመረ እንደ ሆነ፣ ይህንኑ ጽፎ በዕቃው አጠገብ ለሁለት ወር መለጠፍ አለበት። ሕጉ መቀነስን አይከለክልም፤ ዝምታን ግን ይከለክላል። ሁለት ወር ለዳቦና ለሳሙና ይበቃል። በዓመት አንድ ጊዜ ለሚሸጥ የበዓል ጣሳ ግን መቀነሱ ከበዓሉ ሦስት ወር በፊት ቢደረግ ማስታወቂያው ገዢው ሳይመጣ ይወርዳልና፣ ለእንዲህ ያለው ዕቃ ጊዜው ረዘም ቢል እንመርጣለን።

የመጨረሻው ጥያቄ የጎደለው ልክ ተመልሶ ይሞላል ወይ የሚለው ነው። የካካዎ ዋጋ በ2025 መጨረሻ ከአምናው ጫፍ ወደ ግማሽ ገደማ ወርዷል፤ ስለዚህ ጥያቄው የወግ ጥያቄ ብቻ አይደለም። የእንግሊዝ መንግሥት የስታቲስቲክ መሥሪያ ቤት በ2017 ባወጣው ጥናት ከ2012 እስከ 2017 ድረስ 2,529 የዕቃ ዓይነቶች መጠናቸው ሲያንስ መጠናቸው የጨመረ 614 ብቻ መሆናቸውን ገልጾ ነበር፤ ያነሱትም ብዙውን ጊዜ ዋጋቸው አብሮ አልወረደም። የቶብለሮንን ተራሮች በተመለከተ ኩባንያው በ2018 ሸለቆውን ሞልቶ የቀድሞውን ቅርጽ መለሰ፤ ነገር ግን የተመለሰው የ170 ግራሙ አልነበረም፤ በ150 ግራሙ ቦታ የገባው ባለ 200 ግራም ነበር፤ ዋጋውም ከፍ ብሎ ነበር።